ጆጋክቦን በእጅ መስፋት፦ ከፊትም ከጀርባም ንጹሕ የሚወጣ የኮሪያ ቁርጥራጭ ጨርቅ አሠራር

«የኮሪያዎቹ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገበር የለውም፤ ታዲያ ጥሬ ጠርዙ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣልን መልሱን ከነአሠራሩ እነሆ። ጠርዙ አልጠፋም፤ በስፌቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀብሯል። ይህን ዓይነት አሰፋፍ ኮሪያዎች ሳምሶል ይሉታል። ሳምሶልን የቻለ ሰው ጆጋክቦን ቻለ ማለት ነው፤ ቀለም መምረጥና ቁርጥራጭ መደርደር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጨዋታ ነው።

ለማያውቀው ያህል፦ ቦጃጊ በኮሪያ ቤት ልብስና አልጋ ልብስ የሚቋጠርበት፣ የሠርግ ስጦታ የሚጠቀለልበት፣ ገበታ ላይ የቀረበ ምግብ የሚሸፈንበት አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው። ሃንቦክ (የኮሪያ ባህላዊ ልብስ) ሲቆረጥ ከሚተርፉ ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ ሲሠራ ጆጋክቦ ይባላል። ገበር ያለው ግዮፕቦ፣ ያለ ገበር በአንድ ንብርብር የሚሠራው ሆትቦ ነው። እዚህ የምንሠራው ሆትቦ ነው፤ 36 ሴ.ሜ በ36 ሴ.ሜ፣ ከ9 ቁርጥራጭ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ጨርቅ። የሚመረጠው ሞሺ ነው። ሞሺ ከሳማ ቤተሰብ ከሆነ፣ ግን ከማይለበልብ ተክል ልጥ ተፈትሎ የሚሸመን፣ አየር የሚያሳልፍና እጥፋት የሚይዝ ጨርቅ ነው። ስሙ የገነነው በደቡብ ቹንግቾንግ፣ ሶቾን አውራጃ፣ ሃንሳን የሚሸመነው ነው፤ ሽመናው በ2011 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ባህላዊው ሞሺ ወርዱ 30 ሴ.ሜ ገደማ ብቻ ስለሆነ ስሌታችሁን በዚያ ልክ አድርጉ። ቅጥነቱ «ሴ» በሚባል መለኪያ ይነገራል፤ 1 ሴ በወርዱ ውስጥ 80 የድር ክር ነው፤ ስለዚህ 7 ሴ ማለት 560 ክር ማለት ነው። ለጀማሪ 7 ወይም 8 ሴ ይበቃል። ከ10 ሴ በላይ ያለው ያምራል፤ ነገር ግን ዓይንንም ኪስንም ይፈትናል። ሦስት ቀለም ከመረጣችሁ ከእያንዳንዱ 40 ሴ.ሜ ርዝመት ግዙ፤ ለሙከራ የሚሆን ይተርፋችኋል። ሴኡል ያላችሁ ጓንግጃንግ ወይም ዶንግዴሙን ገበያ ሂዱ።

ሞሺ ካላገኛችሁ ቀጭን ሊነን ይተካዋል። ለልምምድ አቡጀዲ ጥሩ ነው፤ እጥፋት ይይዛል፣ ዋጋውም አያስጨንቅም። ነጠላ ግን አይሆንም፤ ሽመናው ስለሚላላ ጨርቁ ይንሸራተታል፣ የታጠፈውም ወዲያው ይፈታል።

ክር። ቀጭን የሐር፣ የጥጥ ወይም የፖሊስተር ክር፣ 100 ሜትር ያለው አንድ ጥቅል። ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ቢመሳሰል ስህተት ይደብቃል፤ ቢለይ ስፌቱ ራሱ ጌጥ ይሆናል። ለመጀመሪያው ሥራ የሚመሳሰለውን ያዙ።

መርፌ። ቀጭንና አጭር፣ ከቁጥር 9 እስከ 11። ወፍራም መርፌ ሞሺ ላይ የሚተወው ቀዳዳ በካውያም አይደፈንም።

የጣት ቆብ። የኮሪያው ጎልሙ ከጨርቅና ከወረቀት ንብርብር የሚሠራ ሲሆን በአመልካች ጣት ጫፍ ላይ ይጠለቃል። ሌላም ዓይነት ይሠራል፤ ዋናው ነገር አራት ንብርብር ያለበት ቦታ ላይ መርፌውን በባዶ ጣት አለመግፋት ነው።

ካውያ። በባህሉ ሁለት ዓይነት ካውያ አለ፤ ሰፊውን ጨርቅ የሚተኩሰው ዳሪሚ፣ እና በፍም ውስጥ ገብቶ የሚግል፣ ሹል ጫፉ የስፌት መስመርን የሚከተል ኢንዱ። ዛሬ ሁለቱንም አንድ ሹል አፍንጫ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ካውያ ይሸፍናል። በነገራችን ላይ፣ በኮሪያ ቤት የስፌት ሥራ ሰባት ዕቃ ይቆጠርለታል፦ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ መርፌ፣ ክር፣ የጣት ቆብና እነዚህ ሁለት ካውያዎች። ከሰባቱ ሁለቱ ካውያ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ይህ ሥራ ግማሹ ማጠፍ ነው።

ከዚህ ሌላ፦ 30 ሴ.ሜ የብረት ማስመሪያ፣ ስለቱ የደነዘዘ የገበታ ቢላ (መስመር ለመጫን)፣ ጫፉ ሹል የሆነ ትንሽ መቀስ፣ ስፒል፣ ለክር የሚሆን ቁራጭ ሰም፣ ውኃ የሚረጭ ጠርሙስ።

ማስጠንቀቂያ

ከመጀመራችሁ በፊት መርፌና ስፒሎቻችሁን ቁጠሩ፤ ስትጨርሱም ድገሙት። በኮሪያ ቤት የሚበላውም የሚተኛውም ወለል ላይ ነበርና ወለል የገባ መርፌ ቀልድ አልነበረም፤ ምንጣፍ ያለበት ቤትም ከዚያ አይሻልም።

በጨርቁ ላይ በእስክሪብቶ ወይም በእርሳስ አታስምሩ። ሞሺ ብርሃን ያሳልፋል፤ እጥፋት ውስጥ የተደበቀ ቀለም ከፊት ይታያል።

ሞሺን ደረቁን አጥፋችሁ በጋለ ካውያ አትጫኑ። ቃጫው ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፤ አንድ መስመር ላይ ደጋግሞ ደረቁን ከታጠፈ እዚያው ይቆረጣል። ሁልጊዜ እርጥበት ይኑረው።

አሠራር

1. ጨርቁን አዘጋጁ። ያለ ሳሙና ለብ ባለ ውኃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ሳትጨምቁ ጥላ ላይ አንጠልጥሉት፤ ገና እርጥበት ሳለው ተኩሱት። ጨርቁ መግባት ካለበት አሁን ይግባ፤ ከተሰፋ በኋላ አንዱ ቀለም ገብቶ ሌላው ባይገባ ሥራው በሙሉ ይጨማደዳል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊን ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጥጥ አሽታችሁ ሞክሩ፤ ቀለም ከለቀቀ ከነጭ አጠገብ አታስገቡት።

2. ቁረጡ። የእያንዳንዱ ቁርጥራጭ የመጨረሻ ልክ በሦስት ዓምድ ይደረደራል፤ ቁመቱ ከላይ ወደ ታች ነው።

ዓምድ አንድ፣ ወርዱ 10 ሴ.ሜ፦ ቁመት 16፣ 8፣ 12
ዓምድ ሁለት፣ ወርዱ 14 ሴ.ሜ፦ ቁመት 9፣ 20፣ 7
ዓምድ ሦስት፣ ወርዱ 12 ሴ.ሜ፦ ቁመት 13፣ 7፣ 16

ለእያንዳንዱ በአራቱም ጎን 1 ሴ.ሜ ትርፍ ጨምሩ። የመጀመሪያው ቁራጭ 10 በ16 ከሆነ የሚቆረጠው 12 በ18 ነው ማለት ነው። ቁመቶቹ ሆን ተብለው ተለያይተዋል፤ የጎረቤት ዓምዶች መገጣጠሚያ አንድ ቦታ ከተገናኘ የአራት ቁርጥራጭ ማዕዘን በአንድ ነጥብ ይደራረብና መርፌ የማይበሳው እብጠት ይፈጥራል።

ቀጥ ያለ መስመር ለማግኘት ማስመሪያ ብቻ አይበቃም። በምትቆርጡበት ቦታ አንድ የማግ ክር ከዳር ምዘዙ፤ ክሩ የለቀቀውን ክፍተት ተከትላችሁ ቁረጡ። ከድሩና ከማጉ ያፈነገጠ ቁራጭ ሲታጠብ ይጣመማል።

የእውነት ትራፊ ጨርቅ የምትጠቀሙ ከሆነ በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ያጋጥማችኋል፤ የሃንቦክ እጅጌ ክብ ሆኖ ስለሚቆረጥ ትራፊው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሰያፉን ከቀጥታ ጠርዝ ጋር ግጠሙት። ሰያፍ ከሰያፍ ጋር ከተገጠመ ሁለቱም ይለጠጣሉ።

3. ትርፉን እጠፉ። ከየጠርዙ 1 ሴ.ሜ ገባ ብላችሁ በቢላው ድንዝ ጎን ከማስመሪያው ጋር መስመር ጫኑ፤ ጥቂት ውኃ ርጩ፤ ትርፉን ወደ ጀርባ አጥፋችሁ በካውያው ጫፍ ተኩሱ። የሚገጣጠሙትን ጎኖች ብቻ እጠፉ፤ ዳር የሚሆኑት ይቆዩ።

እዚህ አትቸኩሉ። ጠማማ ሆኖ የወጣ ጆጋክቦ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው መርፌ ሳይነካው፣ በዚህ እጥፋት ላይ ነው። ሁለቱን የታጠፉ ጠርዞች አገናኝታችሁ ወደ ብርሃን ያዙ፤ በመካከላቸው ብርሃን ሾልኮ ከታየ እጥፋቱን አስተካክሉ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት በአንድ ስፌት ላይ ምንም አይመስልም፤ በስምንት ስፌት ግን 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

4. የመጀመሪያውን መስመር ስፉ። በየዓምዱ ውስጥ ያሉትን ሦስት ቁርጥራጮች አስቀድማችሁ ግጠሙ። ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጋችሁ የታጠፉትን ጠርዞች እኩል አሰልፉ፤ ትርፎቹ በውጭ በኩል ይቀራሉ። በየ4 ሴ.ሜው ስፒል ውጉ።

ክሩን ከ45 ሴ.ሜ አታስረዝሙት፤ አንድ ጊዜ በሰም ላይ አሳልፉት። የረዘመ ክር ጨርቁን በተመላለሰ ቁጥር ይላጫል፣ ይጠማዘዛልም። ቋጠሮውን በእጥፋቱ ውስጥ ደብቁ። አሁን ከቀኝ ወደ ግራ (ግራ እጅ የሆናችሁ በተቃራኒው) ዘምዝሙ፤ ይህ ጋምቺምጂል የሚባለው ነው። መርፌው ከኋላ ገብቶ ወደ እናንተ ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ እጥፋት ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ክር ብቻ ይያዝ። በስፌትና በስፌት መካከል 2 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ጥልቀቱ የሥራው ቁልፍ ነው። መርፌው ጠልቆ ከገባ ትርፉ ከጨርቁ ጋር ተቸንክሮ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ደረጃ ወደ ሌላው ጎን ሊገለበጥ አይችልም።

መርፌው ለጠርዙ ቀጥ ብሎ ከገባ ላይ የሚታየው ክር ይጋደማል፤ በሰያፍ ከገባ ክሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለቱም ትክክል ነው፤ በአንድ ጨርቅ ላይ ግን አትቀላቅሉ።

ስትጨርሱ ሁለት ጥቃቅን ስፌት በአንድ ቦታ አድርጉ፤ መርፌውን በእጥፋቱ ውስጥ 1 ሴ.ሜ አሳልፋችሁ ቁረጡ። ከዚያ ስፌቱን ከፍታችሁ ለኩ። 10 ሴ.ሜ የነበረው 9.7 ከሆነ ክሩን አጥብቃችኋል፤ ፍቱና ድገሙት፤ ካውያ አያስተካክለውም።

5. ጠባቡን ትርፍ ከርክሙ። ጨርቁን ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ፤ 1 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት ትርፎች ጎን ለጎን አሉ። የታችኛውን ቁራጭ ትርፍ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ቁረጡ። የላይኛውን አትንኩ። 4 ያልነው ምክንያት አለው፦ ሰፊው ትርፍ 5 ሚሊ ሜትር ላይ ይታጠፋል፤ የቀረችው 1 ሚሊ ሜትር ለጨርቁ ውፍረት ናት። ከ3 በታች ከቆረጣችሁ ጠርዙ ሲታጠብ ከስፌቱ ይሾልካል።

መቀሱን ከጨርቁ ጋር ጋደም አድርጋችሁ ያዙት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያውን መስመር ስፌት ትቆርጣላችሁ። ሁልጊዜ የታችኛውን ትርፍ ብቻ የምትከረክሙ ከሆነ ሁሉም ስፌት ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሲሆን ጨርቁ መስኮት ላይ ሲሰቀል ያስታውቃል።

6. ጠቅልላችሁ ስፉ። ሰፊውን ትርፍ እኩሌታው ላይ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ወደ ውስጥ እጠፉት። ከዚያ የተከረከመውን ጠርዝ ሸፍኖ በታችኛው ቁራጭ ላይ እንዲተኛ አድርጉ። ጥሬ ጠርዞቹ ሁለቱም አሁን ውስጥ ናቸው። ውኃ ርጩና ተኩሱ፤ በስፒል ያዙ፤ የታጠፈውን ዳር ከታችኛው ጨርቅ ጋር እንደ መጀመሪያው ዘምዝሙ። መርፌው ከታችኛው ጨርቅ አንድ ወይም ሁለት ክር ብቻ ያንሳ፤ ከፊት በኩል ጥቃቅን ነጥብ ብቻ እንዲታይ።

በዚህ ባለ 5 ሚሊ ሜትር መስመር ላይ አራት ንብርብር ጨርቅ አለ፤ በሌላው ቦታ አንድ። ወደ ብርሃን ሲያዝ ስፌቱ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። የጆጋክቦ ውበትም ይኸው መስመር ስለሆነ ወርዱ እዚህ 5፣ እዚያ 7 ከሆነ የሚደብቀው ነገር የለም።

7. ሦስቱን ዓምዶች ግጠሙ። አሠራሩ ያው ነው፤ ርዝመቱ ብቻ 36 ሴ.ሜ ሆኗል። በየረጅሙ ስፌት ላይ አራት ቦታ የአግዳሚ ስፌት ውፍረት ይገናኛችኋል። እዚያ ስትደርሱ ከማጠፋችሁ በፊት በትርፉ ውስጥ ካለው ንብርብር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ማዕዘን ቀንሱ፣ በካውያ ተጫኑት፣ መርፌውንም በጣት ቆብ በቀስታ ግፉ። በጉልበት ከገፋችሁ ቀጭኑ መርፌ ይሰበራል።

8. ዳሩን ቀምቅሙ። 1 ሴ.ሜውን ትርፍ 5 ሚሊ ሜትር፣ እንደገና 5 ሚሊ ሜትር ወደ ጀርባ አጥፋችሁ ዘምዝሙ፤ ወርዱ ከውስጠኛው ስፌት ጋር እኩል ይወጣል። አስቀድማችሁ ሁለቱን ተቃራኒ ጎኖች፣ ቀጥሎ የቀሩትን። ማዕዘኑ ላይ ከሚደበቀው ንብርብር 4 ሚሊ ሜትር በ4 ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ አውጡ፤ አለበለዚያ ማዕዘኑ ያብጣል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስፌቱ ሁለቱ መስመሮችና ዳሩ ተደምሮ 4.32 ሜትር ነው፤ በየ2 ሚሊ ሜትሩ ሲሰፋ 2,160 ስፌት። በደቂቃ 5 የሚሰፋ ጀማሪ ከ7 ሰዓት በላይ ይቀመጣል፤ ማጠፍና መተኮስ ሳይቆጠር። በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ፤ ሲደክማችሁ መጀመሪያ የሚያጥረው ትዕግሥት ሳይሆን በስፌቶች መካከል ያለው ርቀት ነው።

9. ለገበታ ከሆነ ማንሻ ጨምሩ። የምግብ መሸፈኛው ሳንግቦ መሃሉ ላይ ማንሻ አለው፤ ጨርቁን በእርሱ ይዞ ማንሳት ስለሚቻል ጠርዙ ወጥ ውስጥ አይገባም። 4 ሴ.ሜ በ8 ሴ.ሜ ቁራጭ ወርዱ 1 ሴ.ሜ እስኪሆን አራት ጊዜ ደርባችሁ እጠፉ፤ ዳሩን ዘምዝማችሁ ሁለቱን ጫፎች አገናኙ። የጨርቁ መሃል በትልቁ 14 በ20 ቁራጭ ላይ ይውላል። አንድ ንብርብር ሞሺ ብቻውን ክብደቱን ስለማይችል ከጀርባ 2.5 ሴ.ሜ በ2.5 ሴ.ሜ መደገፊያ ጠርዙን አጥፋችሁ አብራችሁ ስፉ። ለመጠቅለያ ከሆነ ይህን ደረጃ ዝለሉት።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ስፌቱ ሽምቅቅ ካለ ክሩ ጠብቋል፤ ወይም ሁለቱ ጠርዞች እኩል ሳይሆኑ አንዱን ስባችሁ አድርሳችሁታል። ሁለተኛው የሚታወቀው አንደኛው ጨርቅ ብቻ ሲጨማደድ ነው። ሁለቱም መፍትሔያቸው መፍታት ነው።

ትርፉ አልገለበጥ ካለ መርፌው ጠልቋል። ጥቂት ስፌቶች ብቻ ከሆኑ እነዚያን ፈትታችሁ በአዲስ ክር ድገሙ፤ ብዙ ከሆኑ ግን ካውያ ይዞ መታገል ጨርቁን ከማቃጠል በቀር አይጠቅምም።

በብርሃን ሲታይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ቋጠሮ ወይም ያልተቆረጠ የክር ጭራ ነው። ጭራውን በጨርቁ ጀርባ ላይ ሳይሆን ሁልጊዜ በአራቱ ንብርብር ውስጥ ቅበሩት።

የተሳሳተውን ትርፍ ከርክማችሁ ከሆነ አትፍቱት፤ ያንን ስፌት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ጠቅልሉት። ሁለቱንም ከከረከማችሁ ግን አዲስ ቁራጭ ከመቁረጥ በቀር መውጫ የለም።

በቤት ውስጥ አጠቃቀምና አያያዝ

ሞሺ አየር ስለሚያሳልፍ የተሸፈነው ምግብ አይታፈንም፤ ዝንብ ግን አይደርስበትም። ለትልቅ ገበታ መጠኑን ስታሳድጉ ቁርጥራጮቹን ከማተለቅ ይልቅ ዓምድ ጨምሩ፤ ሰፊ ነጠላ ቁራጭ ይለጠጣል።

ስጦታ ለመጠቅለል ሳጥኑን በጨርቁ መሃል ጎኖቹ ወደ ማዕዘኖቹ እንዲዞሩ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ መጀመሪያ ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘኖች፣ ቀጥሎ ሌሎቹን ሰብስባችሁ እሰሩ። ልኩን ለማወቅ የሳጥኑን ወርድ ሁለት እጥፍ፣ ቁመቱን ሁለት እጥፍና ለቋጠሮ 20 ሴ.ሜ ደምሩ፤ ድምሩ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው የጨርቁ ርዝመት ነው። የእኛው ጨርቅ በማዕዘን 51 ሴ.ሜ ገደማ ስለሆነ 10 በ10፣ ቁመቱ 5 ሴ.ሜ የሆነ ሳጥን ይችላል። ለሌላ ሳጥን ድምሩን በ0.7 አባዙት፤ የጨርቁን ጎን ታገኛላችሁ። ከባድ ነገር በሆትቦ አትቋጥሩ፤ ለዚያ ገበር ያለው ይሻላል።

ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና በእጅ እጠቡት፤ አትጨምቁት፤ ጥላ ላይ አድርቁት። ጨርቁ ድርቅ ማለቱ ደስ የሚላችሁ ከሆነ በቀጭኑ የሩዝ ስታርች ውኃ ውስጥ አሳልፋችሁ እርጥቡን ከጀርባው ተኩሱ። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡት ስታርቹ በውኃ ይውጣለት፤ ነፍሳት ይስባል። አጥፋችሁም አታስቀምጡት፤ በካርቶን ጥቅል ላይ ጠምጥሙት፤ የቃጫው መቆረጥ የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከሚታጠፍበት መስመር ነው።